«አብሽር» ብቻውን ሲያንስ፦ የልጆች ጭንቀትና በኢንተርኔት የሚሰጡ የራስ አገዝ ትምህርቶች

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ልጅቷ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ ደጃፉ ላይ ቆማለች። «እማ፣ ሆዴን…» ትላለች። ትናንትም እንዲሁ ነበር፤ ከትናንት ወዲያም። እናቷ ግንባሯን ትዳስሳለች፤ ትኩሳት የለም። ጤና ጣቢያ ተወስዳ፣ ሰገራ ተመርምራ፣ የትል መድኃኒት ውጣለች። ለውጥ የለም። «በይ እሺ፣ ዛሬን እረፊ» ስትባል ግን ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ቁርጠቱ ይለቃትና ሻይ በዳቦ ትጠይቃለች። ይህን ያየ ጎረቤት «ይቺ አውቃ ነው» ይላል።

አውቃ አይደለም። ልጅቷ የእህቴ ልጅ ናት፤ 11 ዓመቷ ነው። እኔ እዚሁ ደሴ አስተማሪ ነኝ፤ እንደሷ ያሉ ልጆች በየዓመቱ ክፍሌ ውስጥ ይገጥሙኛል። ሆዳቸውን የምር ያማቸዋል። ሰውነታችን አደጋ ሲመጣ የሚቀሰቀስ ማንቂያ አለው። ማታ መንገድ ላይ ጅብ ያየ ሰው ሳያስብ ልቡ ይደልቃል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ መዳፉ ያልበዋል። አድሬናሊን የሚባለው ንጥረ ነገር በደሙ ይረጫል፤ ደሙም ከሆድ ዕቃ ሸሽቶ ለመሮጥ ወደሚያስፈልጉት ጡንቻዎች ይሄዳል። ምግብ መፍጨት ለጊዜው ይቀዛቀዛል። ሆድ የሚላወሰው፣ የሚቆርጠው፣ ማስመለስ የሚመጣው ለዚህ ነው። ይህ ማንቂያ ሕይወት አድን ነው። ችግሩ አንዳንድ ልጆች ላይ ጅብ በሌለበት ይጮሃል፦ ለጥቁር ሰሌዳ፣ ለእንግዳ፣ ለፈተና፣ እናት ወደ ገበያ ስትወጣ።

የዓለም ጤና ድርጅት አኃዝ እንደሚያሳየው ከ10 እስከ 19 ዓመት ባሉ ልጆች መካከል ከመቶው አራት አምስቱ ለሕመም የደረሰ ጭንቀት አለባቸው። ይህ የዓለም ግምት ነው። የወሎ ልጅ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ከቆቦና ከወልዲያ ወርዶ ደሴ ሲደርስ ትምህርት ቤቶቻችን የተፈናቃይ ማደሪያ ነበሩ። የእህቴ ልጅ ያን ጊዜ ገና ሰባት ዓመቷ ነበር። ቤተሰቡ በእግር ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ በሰው ጎርፍ መሃል ከእናቷ ተለይታ ግማሽ ቀን ቆይታለች። ዛሬ ጠዋት ሆዷን የሚቆርጣት ትምህርቱ አይደለም። «እኔ ክፍል ተቀምጬ እማ አንድ ነገር ብትሆንስ?» የሚለው ነው። ይህን ለማወቅ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብናል፤ ጠይቀናት አናውቅማ።

ጭንቀትን የሚመግበው ምን እንደሆነ ሳይገባን መፍትሔውም አይገባንም። ልጁ ይፈራል፣ ይሸሻል፣ ሲሸሽ ወዲያው ይቀለዋል። ያ ቅለት ነው ወጥመዱ። አእምሮው «ዳንኩ፤ የዳንኩት ስለሸሸሁ ነው» ብሎ ይመዘግባል፤ በማግስቱ ፍርሃቱ ትንሽ አድጎ ይመለሳል። እኛም ከፍቅር ብዛት ሽሽቱን እናግዘዋለን። «ዛሬን እረፊ» እንላለን። እንግዳ ሲመጣ ዓይን አፋሩን ልጅ ጓዳ እንዲቀመጥ እንፈቅድለታለን፤ ሱቅ ሄዶ መጠየቅ የፈራውን እኛ እንገዛለታለን። «አብሽር» የሚለው ውብ ቃላችንም አንዳንዴ እዚህ ውስጥ ይገባል። ሰው ሲጨንቀው፣ ሲያዝን፣ ሲታመም «አብሽር» ማለት ወሎዬነት ነው፤ ለአንድ ጊዜ የሚሰጠው ብርታት ትልቅ ነው። ነገር ግን ልጅቷ «እማ፣ ትመለሻለሽ አይደል?» ብላ በአንድ ጠዋት አሥር ጊዜ ስትጠይቅ፣ እናት አሥር ጊዜ «አብሽሪ፣ ምንም አይመጣም» ስትል፣ ልጅቷ የምትማረው ሳትጠይቅ መኖር እንደማትችል ነው። መልሱ ለአምስት ደቂቃ ያረጋጋታል፤ ከዚያ አሥራ አንደኛው ጥያቄ ይመጣል።

ባለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት በውጭ አገር የተሠሩት የኦንላይን ራስ አገዝ ትምህርቶች የሚሠሩት ይህን ዙር ለመስበር ነው። ከታወቁት አንዱ አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራው «ብሬቭ» ነው፤ «ደፋር» ማለት ነው። አንዱ ለልጆች፣ ሌላው ለወጣቶች የተዘጋጀ ሲሆን ልጁ በሳምንት አንድ እያለ አሥር ትምህርቶችን ይከታተላል፤ ወላጅም የራሱ ክፍል አለው። ሲድኒ የሚገኘው ማኳሪ ዩኒቨርሲቲም «ኩል ኪድስ» የሚባል አለው። በእንግሊዝ ደግሞ «ኦሲ» የሚባለው ከ5 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ወላጆች ተሠርቷል፤ እዚያ ስልኩን የሚከፍተው ልጁ ሳይሆን ወላጁ ነው።

ስማቸው ይለያይ እንጂ ውስጣቸው ያው ነው፤ መሠረታቸው ሲቢቲ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ነው። መጀመሪያ ልጁ የሰውነቱን ምልክት መለየት ይማራል፦ «ሆዴ ሲላወስ ታምሜ አይደለም፣ ማንቂያዬ ጮኾ ነው።» ይህን ማወቅ ብቻውን ግማሽ ዕፎይታ ነው። ቀጥሎ ቀስ ብሎ መተንፈስና ጡንቻን ማላላት ይመጣል፤ አወጣጡን ከአገባቡ አስረዝሞ መተንፈስ የልብን ምት ያረግባል። ሦስተኛው አስተሳሰብን መመርመር ነው። ልጁ የሚያስፈራውን ሐሳብ ይጽፍና እንደ ዳኛ ይጠይቀዋል፦ ማስረጃህ ምንድን ነው? ባለፈው ሳምንት ስንት ጊዜ ደረሰ? ጓደኛህ ይህን ቢነግርህ ምን ትለዋለህ? እነዚህ ሁሉ ጥሩ ናቸው፤ ግን ስንቅ ናቸው እንጂ ጉዞው አይደሉም።

ጉዞው የፍርሃት መሰላል ነው። የሚያስፈራው ነገር በትንንሽ ደረጃ ይቆራረጥና ልጁ ከታችኛው ጀምሮ አንድ በአንድ ይወጣዋል። ይህ ኢንተርኔት የወለደው ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ሦስት ዓመት ያልሞላው ፒተር የሚባል ሕፃን ከጥንቸል ፍርሃት እንዴት እንደተላቀቀ ጽፋለች። ልጁ የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሉ በሳጥን ውስጥ ሆኖ ከሩቅ ይቀመጣል፤ በሌላ ቀን ትንሽ ይቀርባል፤ በሌላ ቀን ደግሞ ትንሽ። በመጨረሻ ፒተር ጥንቸሉን በእጁ ዳበሰው። መቶ ዓመት አለፈ፤ ዛሬ በስልክ የሚመጣው ትምህርት ልብ ያው ነው።

የኛ መሰላል የተሠራው ሃምሳ ሉክ ደብተር ላይ ነው። ከልጅቷ ጋር ቁጭ ብለን እያንዳንዱን ነገር «ከአሥር ስንት ያስፈራሻል?» አልናት። እናቷ ጎረቤት ቡና ጠጥታ እስክትመለስ ቤት መቆየት፣ ሁለት። እናት ሱቅ ስትሄድ ሳይደውሉ ሩብ ሰዓት መጠበቅ፣ ሦስት። እናት ሰኞ ገበያ ስትውል ከአያት ጋር መቆየት፣ አምስት። ትምህርት ቤት ገብቶ እናት መዝሙር እስኪያልቅ በር ላይ ስትቆም፣ ስድስት። እናት ከበር ወዲያው ስትመለስ፣ ዘጠኝ። ሙሉ ቀን በመምህር ስልክ ሳያስደውሉ መዋል፣ አሥር።

ሕጉ ጥቂት ነው፤ ሲሠሩት ግን ይከብዳል። ፍርሃቱ በራሱ እስኪበርድ ድረስ እዚያው መቆየት ያስፈልጋል፤ ጫፉ ላይ እያለ መሸሽ የበለጠ ያስተምረዋል፣ መጥፎውን። አንድ ደረጃ አንድ ጊዜ ተወጥቶ አያልቅም፤ ሰልችቶ «ይሄማ ምንም አይደል» እስኪባል ይደጋገማል። የሚመሰገነው አለመፍራቱ ሳይሆን እየፈራ መሞከሩ ነው። ሽልማቱም ትልቅ መሆን የለበትም፤ የእሁድ ምሳ ምን እንደሚሠራ የመምረጥ መብት ለኛዋ በቂ ነበር።

ከስድስት ወደ ዘጠኝ ስንዘል ወደቅን። ልጅቷ በሩን ይዛ አለቀሰች፤ እናትም አብራ አለቀሰች፤ ሁለቱም ተመልሰው ቤት ገቡ። ማታ ደብተሩን አውጥተን ስናየው ጥፋቱ የልጅቷ ሳይሆን የመሰላሉ ነበር፤ በሁለቱ መሃል ደረጃ አልነበረም። እናት ከመንገዱ ማዶ ዳቦ ቤቱ ጋ ቆማ እንድትታይ፣ ቀጥሎ ማዕዘኑን ዞራ እንዳትታይ ግን ለአሥር ደቂቃ እንድትቆይ ሁለት ደረጃ ጨመርን። ልጁ ካልቻለ ደረጃውን ማሳነስ እንጂ ልጁን መገፍተር አይደለም።

ይሠራል ወይ ለሚል፣ ይሠራል፤ ግን በሁኔታ ነው። «ብሬቭ» ማንም ባለሙያ ሳይደውል ልጆች በራሳቸው ብቻ ሲጠቀሙበት ከ4,400 በላይ ተጠቃሚዎች ታይተው ነበር፤ የቀጠሉት ልጆች ጭንቀታቸው ቀንሷል፤ እስከ መጨረሻው ትምህርት የዘለቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። አብዛኛው ጀምሮ ይተወዋል። መሰላሉ የሚመጣው ከመግቢያው ትምህርቶች በኋላ ስለሆነ፣ ቀድሞ ያቆመ ልጅ ትንፋሽ ተምሮ ዋናውን ሳይነካ ይቀራል። በሌላ በኩል «ኦሲ» በእንግሊዝ በ444 ቤተሰቦች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ወጥቷል። ወላጆች ትምህርቱን በኦንላይን እየተከታተሉ ባለሙያ በየጊዜው አጠር አድርጎ እየደወለ ሲያግዛቸው፣ ልጆቹ የተሻሻሉት በመደበኛው ሕክምና ከታከሙት ባላነሰ ነው። ባለሙያው ለአንድ ቤተሰብ ያዋለው ጊዜ ደግሞ በአማካይ 182 ደቂቃ ሲሆን በመደበኛው 307 ደቂቃ ነበር። እኔ ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር ነው፦ ሥራውን የሚሠራው ስክሪኑ አይደለም። መሰላሉና አጠገብ ያለ፣ «ዛሬ የትኛው ደረጃ ላይ ነን?» ብሎ የሚጠይቅ ትልቅ ሰው ነው።

ለእኛ ይህ መልካም ዜና ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር ማንም የወሎ ሰው አይረሳውም። ሳይዘጋም ቢሆን ዳታ ውድ ነው፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ በቤት ያለው ስልክ አንድ ነው፤ እሱም አባት ኪስ ውስጥ ነው የሚውለው። ከሁሉ በላይ የጠቀስኳቸው ትምህርቶች እንግሊዝኛ ናቸው፤ አንዳንዶቹም የሚከፈቱት ለአገራቸው ነዋሪ ብቻ ነው። ስለዚህ 11 ዓመት ለሆነው ልጅ ስልክ ሰጥቶ «በል ተማር» ማለት አይሆንም። እንግሊዝኛ የሚያነብ አንድ ሰው፣ አስተማሪ ወይም ታላቅ ወንድም፣ ዋይፋይ ባለበት ቀድሞ ያያል፤ ፍሬ ነገሩን ደብተር ላይ በአማርኛ ያወርዳል፤ ከዚያ ኢንተርኔት ቢጠፋም መሰላሉ አይጠፋም። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

ምሳሌዎቹ ግን ቃል በቃል መምጣት የለባቸውም። እዚያ «ጓደኛ ቤት ማደር» የሚለው ለኛ ልጅ አክስት ቤት ማደር ነው። ሰው ፊት መናገር ለሚፈራ ልጅ የኛ ቤት መሰላል ሞልቶበታል፦ ለእንግዳ እጅ ማስታጠብ፣ ቡና ሲጠጣ ፈንዲሻውን ዞሮ ማቅረብ፣ ሱቅ ገብቶ «ስኳር አለ?» ማለት፣ ለቅሶ ቤት ሽማግሌዎችን አንድ በአንድ ሰላም ማለት፣ በመድረሳ ወይም በሰንበት ትምህርት ቤት ተነሥቶ ማንበብ። ከዚያ በኋላ ነው ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት የሚመጣው።

አሁን አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። መሰላል የሚሠራው ለሐሰተኛው ማንቂያ ብቻ ነው። ተኩስ ሲሰማ የፈራ ልጅ ማንቂያው በትክክል ሠርቷል። መንገዱ አስጊ በሆነበት ቀን ልጅን «ፍርሃትህን ተጋፈጥ» ብሎ ማስወጣት ሕክምና አይደለም፤ ነውር ነው። የምንለይበት ጥያቄ ይህ ነው፦ ሁኔታውን የሚያውቅ አስተዋይ ሰው የራሱን ልጅ ዛሬ ይልከዋል? ካልላከ ያ ነገር በመሰላሉ ላይ አይጻፍም። ልጆች በውሸት «ምንም የለም» ሲባሉ ያውቁብናል፤ «አዎ፣ ዛሬ አንወጣም፣ ሁላችንም ቤት ነን፤ ሲረጋጋ እንቀጥላለን» ማለት ይሻላል። ባጃጅ ሲያስነጥስ ወይም የቆርቆሮ በር ሲጋጭ የሚደነብር፣ ሌሊት እየጮኸ የሚነሣ፣ ያየው ነገር ቀን በቀን ዓይኑ ላይ የሚመላለስበት ልጅ ደግሞ ጉዳዩ ከተራ ጭንቀት ያለፈ ስለሆነ ባለሙያ ሊያየው ይገባል።

ስለ 12ኛ ክፍል ተማሪዎችም ልናገር። በ2015 ዓ.ም. በአገር አቀፉ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ይህን እያወቀ «እንዳልወድቅ ፈራሁ» የሚል ተማሪ የተሳሳተ ሐሳብ አላሰበም፤ «ታልፋለህ፣ አትጨነቅ» ማለት እሱን መናቅ ነው። ሐሳብን መመርመር ማለት ራስን በመልካም ቃል መደለል አይደለም። ልጁን የሚጎዳው «ከወደቅኩ አለቀልኝ፣ ቤተሰቤን አዋረድኩ» የሚለው ቅጥያ ነው፤ የሚመረመረው እሱ ነው። የወደቁ ጎረቤቶች ዛሬ ምን እየሠሩ ነው? ድጋሚ የተፈተኑስ? አባቱ በእርግጥ ምን ብሎታል፣ ወይስ ልጁ ነው የገመተው? መሰላሉም አለ፦ ሰዓት ይዞ የድሮ ፈተና መሥራት፤ በማያውቀው ክፍል፣ በማያውቀው መምህር ፊት መሥራት። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አድረው የሚወስዱት ከሆነ፣ ከቤቱ ውጪ አድሮ የማያውቅ ተማሪ አስቀድሞ አንድ ሁለት ሌሊት ዘመድ ቤት ቢያድር ከቤት ውጪ የሚያድርበት የመጀመሪያ ሌሊት የፈተናው ዋዜማ አይሆንበትም።

ስልክ ላይ ብዙ ዓይነት አፕ አለ። በሰባት ቀን ጭንቀት አጠፋለሁ የሚል፣ ገና ሲከፈት ክፍያ የሚጠይቅ፣ የልጁን ፎቶና ሙሉ ስም የሚፈልግ ከሆነ ይዘጋ። ደህናውን የምለየው ማን እንደሠራው በግልጽ ሲጽፍ፣ ወላጅን ሲያሳትፍ፣ መቼ ሐኪም ጋ መሄድ እንደሚገባ ራሱ ሲናገር ነው። ጸጥ ያለ ሙዚቃና ትንፋሽ ብቻ ያለው አይጎዳም፤ ግን መሰላል ከሌለው ፍርሃቱን ያስተኛዋል እንጂ አያሳንሰውም።

ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው ዱአ ማስደረግ ወይም ጸበል መውሰድ ነው። እኔ በዚህና በመሰላሉ መካከል ጠብ አላይም፤ ልጅ በሚወዱት ሰዎች መሃል ተቀምጦ ሲጸለይለት የሚያገኘው ብርታት እውነተኛ ነው። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጁን ለሳምንታት ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ አትውሰዱት። ያ ዕረፍት ሳናውቀው ትልቁ ሽሽት ይሆናል፤ ሲመለስ በሩ ከበፊቱ ይከብደዋል። ቅዳሜና እሁድ ይሁን፣ ከትምህርት መልስ ይሁን።

ራስ አገዝ የማይበቃበት ጊዜም አለ። ልጁ መሞት እንደሚሻለው ከተናገረ ወይም ራሱን ከጎዳ፣ ምግብ ከተወ፣ ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ፣ ወይም ያስፈራው ነገር በደል የሚያደርስበት ሰው ከሆነ፣ ደብተር አይበቃም። ሞትን ካነሣ ወይም ራሱን ከጎዳ በዚያኑ ዕለት፣ ብቻውን ሳይተዉት፣ ወደ ሆስፒታል ነው። ደሴ ሪፈራልና ቦሩ ሜዳ ሆስፒታሎች የአእምሮ ጤና ባለሙያ አለ፤ ከወረዳ የሚመጣ ቤተሰብ ከጤና ጣቢያው ሪፈር አጽፎ መምጣት ይችላል። የሚጎዳው ሰው ቤት ውስጥ ከሆነ መሰላል ማሠራት ልጁን ለጉዳቱ ማለማመድ ይሆናል፤ ቀድሞ ከዚያ ሰው ማራቅ ነው።

የእህቴ ልጅ ከክረምት ዕረፍት ስትመለስ ሆድ ቁርጠቱ ተመልሶ ነበር። እናቷ ደነገጠች፤ ሁሉም ከንቱ የቀረ መሰላት። ከረጅም ዕረፍት በኋላ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ሁለት ደረጃ ወደ ታች ወርደን እንደገና ጀመርን፤ የመጀመሪያው ዙር አንድ ወር ከመንፈቅ የፈጀብንን አሁን በዘጠኝ ቀን ደረስንበት። ትናንት ጠዋት ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቆማ «እማ፣ ሆዴን» አለች። እናቷ «አብሽሪ» አላለችም፤ «ስንት ነው ዛሬ?» አለቻት። «አራት።» «በይ ቦርሳሽን አስተካክይ።» ተያይዘው ወጡ፤ እናት ከዳቦ ቤቱ ጋ ተመለሰች።